ፓራውልቱ ሲከብድ ሞላው ይተኛል፦ ለኮረኮንች መንገድ የእግር ዕቃና ፓራውልት አመራረጥ፣ ችግርና መፍትሄ

አዲስ ሞላ (መኪናውን የሚሸከም ጥምዝ ብረት) እና አሞርዛተር (የሞላውን ዝላይ የሚያበርድ ባለ ዘይት ቱቦ) ገጥሞ ክረምቱ ሳይወጣ ወደ ጋራዥ የሚመለስ መኪና ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው አይደለም፤ ዕቃው የተገዛው የመኪናው ክብደት ሳይታወቅ ነው። የብረት ፓራውልት (የፊት መከላከያ) ብቻውን ከ50 እስከ 80 ኪሎ ይመዝናል። ዊንች (መኪና ለማውጣት ሽቦ የሚጠቀልል ሞተር) ከነሽቦው ሌላ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይጨምራል። ይህ ሁሉ የሚንጠለጠለው ከፊት አክስል ወደ ፊት አልፎ ነው። ከአክስል እስከ አክስል 3.08 ሜትር በሆነ ሃይሉክስ ላይ 110 ኪሎ ከፊት አክስሉ 80 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢታሰር፣ በፊት እግር ላይ የሚያርፈው ተጨማሪ ጭነት 139 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ የኋላው ደግሞ በ29 ኪሎ ገደማ ይቀልላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፓራውልቱ ይወሰን፤ ከዚያ መኪናው ይመዘን፤ ሞላና ባሌስትራ (የተደራረቡ ዝርግ የብረት ቅጠሎች) ቀጥሎ ይመጣል፤ አሞርዛተር የሚመረጠው ሞላው ከታወቀ በኋላ ነው።

ሚዛን በማይገኝበት ቦታ ሜትር ይበቃል። መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ አቁመው፣ ከቸርኬው መሐል ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ቁመት በአራቱም ማዕዘን ይለኩ፤ አንዴ በባዶ፣ አንዴ በተለመደው ጭነት። ከመሬት አይለኩ፤ የጎማው ንፋስ ልኩን ያዛባዋል። ቁጥሮቹን ጽፈው ያስቀምጡ፤ ከዚህ በታች ላለው ሁሉ ያገለግላሉ።

ፊቱ ተደፍቷል፣ ጉድጓድ ሲገባ በብረት ይመታል

ፋብሪካው የገጠመው ሞላ ፓራውልቱን አላሰበውም። ከሻንሲው ሥር ያለውን የግጭት መግቻ ጎማ በባትሪ መብራት ይዩት፤ ጫፉ ተፈትጎ ካብለጨለጨ ወይም ከተቀደደ ሞላው መንገዱን ጨርሶ እየመታ ነው። መፍትሄው የተጨመረውን ክብደት የሚሸከም የፊት ሞላ ነው። ከተኛ ሞላ በላይ ጎማ ወይም ብረት መደልደል ቁመቱን ይመልሳል እንጂ አቅም አይጨምርም፤ መኪናው በከፍታ ቆሞም መምታቱን አይተውም።

“ጠንካራውን ስጠኝ” ብሎ መግዛት የተለመደ ስህተት ነው። ሻጮች የኋላ ባሌስትራን ብዙ ጊዜ ለባዶ፣ ለቋሚ 300 ኪሎና ለቋሚ 500 ኪሎ ብለው ይለያሉ። እዚህ ላይ “ቋሚ” የሚለው ቃል ነው ዋናው። በሳምንት አንዴ ከሰሜን ሸዋዋ እነዋሪ አምስት ኩንታል ጤፍ ጭኖ ሌላውን ቀን በባዶ የሚሄድ መኪና የ500 ኪሎ ባሌስትራ አያስፈልገውም። በባዶ ሲሄድ ኋላው ይዘላል፤ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ጎማው መሬቱን ይለቅቃል።

ከግማሽ ሰዓት ኮረኮንች በኋላ መኪናው እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል

ጠዋት ደህና የነበረ መኪና፣ መንዝ ውስጥ እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ጠጠር ላይ ሲቆይ መያዙን ያጣል። አሞርዛተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ሞቆ ከጋዝ ጋር ተደባልቆ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ፒስተኑን አያስቆምም። ቆም ብለው አራቱን አሞርዛተሮች በእጅ ጀርባ ጠጋ ብለው ይሞክሩ (በጣም ስለሚሞቁ አይጨብጧቸው)። ሦስቱ እየፈጁ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ የሞተው ቀዝቃዛው ነው፤ ሥራ ስላልሠራ አልሞቀም። ፓራውልቱን በእጅ ገፍቶ ማወዛወዝ ለእንዲህ ያለ ከባድ መኪና ምንም አያሳይም።

የፈሰሰ አሞርዛተር በአቧራው ይታወቃል። ከላይኛው ማኅተም ሥር ስስ ጭጋግ መሰል እርጥበት ብቻ ካለ ገና ነው። አቧራው እንደ ሊጥ ተጣብቆ ወደ ታች ከወረደ ግን ዘይቱ አልቋል። የሚቀየረው ጥንድ ጥንድ ነው።

ምርጫው ላይ ሦስት ዓይነት አለ። ባለ አንድ ግድግዳ (ቢልስታይን የሚታወቅበት ዓይነት) ሙቀትን ፈጥኖ ያወጣል፤ ነገር ግን ፒስተኑ የሚሄደው በውጪው ግድግዳ ላይ ስለሆነ አንድ የፈናጠረ ድንጋይ ካጎደጎደው ያን ጊዜውኑ ይነክሳል። ባለ ሁለት ግድግዳ በቶሎ ይሞቃል፤ ድንጋይ ግን ይችላል። ሦስተኛው ባለ ሁለት ግድግዳ ሆኖ በጋዙ ቦታ የታሸገ ስፖንጅ የተቀመጠለት ነው፤ ጋዝ ስለሌለው ዘይቱ በቀላሉ አረፋ አይሆንም። ድንጋይ ለሚበዛበት የሰሜን ሸዋ መንገድ ይህ ሦስተኛው ይሻላል፤ ባለ አንድ ግድግዳ የሚገዛ ሰው ግን የድንጋይ መከላከያ ላሜራ አብሮ ይግጠም። ዘንጉ 18 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ገላው ከኦሪጅናሉ የወፈረ ይሁን። ከቀለሙና ከስሙ በፊት ግን ርዝመቱን ያረጋግጡ። መኪናው 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ አሞርዛተሩ የድሮው ርዝመት ከሆነ፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል አክስሉን የሚይዘው አሞርዛተሩ ይሆናል፤ ዓይኑ ይበጠሳል።

ባሌስትራ ይሰበራል

የተሰበረበት ቦታ ምክንያቱን ይናገራል፤ ቁራጩን ሳያዩ አዲስ አይግዙ።

በመሐሉ ቀዳዳ ላይ ከተሰበረ፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያሰሩት የዩ ቅርጽ ቡሎኖች ላልተዋል። ቅጠሎቹ በመካከላቸው ሲላወሱ መሐለኛው ቡሎን ይቆረጣል፤ አክስሉም ወደ ኋላ ይንሸራተትና መኪናው ጎኑን ሰጥቶ እንደ ውሻ ይሄዳል። ምልክቱ ቀድሞ ይመጣል፦ በዩ ቡሎኑ ሥር ዝገት ቀለም ያለው ዱቄት፣ አጠገቡም አዲስ የተፈተገ ብረት ያለ ብልጭታ ይታያል። ዩ ቡሎን አንዴ ከተጠበቀ ተስቧል፤ ፈቶ መልሶ መግጠም አያዋጣም። አዲስ ቡሎንና አዲስ ዳዶ ይግዙ፣ መቀመጫውን ከጭቃና ከቀለም ያጽዱ፣ አራቱን በመስቀል ተራ በተራ ይጠብቁ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ይጠብቁ። ብዙዎች ይህን የመጨረሻውን ያልፉታል፤ ብዙው ስብራትም የሚመጣው ከዚያ ነው።

በዓይኑ አጠገብ ከተሰበረ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠረጠራል። የሞተ አሞርዛተር ባሌስትራው ወደ ታች ሲዘረጋ አይይዘውም፤ ወይም የኋላ ጫፉ ማያያዣ በዋልካ ጭቃና በዝገት ደርቆ አልወዛወዝ ብሏል። ማያያዣውን በፌሮ ሲነቀንቁት መንቀሳቀስ አለበት። ግራሶ የሚወስድ ፐርኖ ያለው ማያያዣ ለጅሩ ጭቃ ተገቢ ነው፤ ግራሶው ካልተሰጠው ግን ከተራው አይሻልም።

የተኛን ባሌስትራ በእሳት አሙቆ መቀጥቀጥ ገንዘብ ማባከን ነው። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በልክ ሞቆ በልክ በመቀዝቀዙ ነው፤ በምድጃ ሲሞቅ ያ ይጠፋል፣ በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይተኛል። የአይሱዙ የጭነት መኪና ቅጠል መጨመርም ባሌስትራውን ያድንና ሻንሲውን ያስሰነጥቃል። ቅጠል ላይ መበየድ ፈጽሞ አይሆንም።

መኪናው ከፍ ካለ ወዲህ መሪው ይዋልላል

ፊቱ ሙሉ አክስል በሆነ ላንድክሩዘር ላይ 50 ሚሊ ሜትር ከፍታ ወደ 2 ዲግሪ ገደማ ካስተር (የፊት ጎማው መዞሪያ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ማዕዘን) ይበላል፤ መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ መመለሱን ይተዋል። የካስተር ማስተካከያ ጎሚኒ (መጋጠሚያ ውስጥ የሚገባ ላስቲክ መሰል ቀለበት) ይመልሰዋል። አክስሉን ግራና ቀኝ የሚይዘው ዘንግም አክስሉን ወደ ጎን ስለሚስበው የሚስተካከል ዓይነት ያስፈልጋል። መሪው ጉድጓድ ነክቶ በኃይል የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን የመሪ አሞርዛተር አይቀይሩ፤ እሱ ችግሩን ይሸፍናል እንጂ አያድነውም። የዘንጉን ጎሚኒ፣ የፐርኖ ኩሽኔታና ቴስቲኒ (የመሪ ዘንጎች መጋጠሚያ) አንድ ሰው መሪውን ግራ ቀኝ እያለ ሌላው ከሥር ሆኖ ይይ።

ሃይሉክስ ላይ ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ መውጣት የሲቪ ጆይንቱን (ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚያስተላልፈው መታጠፊያ) የጎማ ሽፋን ይቀድዳል፤ ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው የላይኛው እጅም ሞላውን ይነካል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ የላይኛውን እጅ አብሮ ይቀይር። በሁለቱም መኪና ከሥራው በኋላ አላይመንት ግዴታ ነው።

አዲስ ጎሚኒ በወራት ውስጥ ተቀደደ

መኪናው ክሪክ ላይ እንዳለ ቡሎኑ ጠብቋል። ጎማው ተንጠልጥሎ ከተጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል። ቡሎኑን በእጅ አስገብተው መኪናውን በጎማው ያቁሙ፣ ከዚያ ይጠብቁ። ፖሊዩሬቴን ጎሚኒ ጠንካራ ነው፤ በአቧራ ግን ይጮኻል፣ ንዝረቱንም ወደ ሻንሲው ያሳልፋል። ለኮረኮንች ጥሩ ላስቲክ ይመረጣል። ላስቲክ ላይ ተራ ግራሶ አይቀቡ፤ ያብጣል።

ፓራውልቱ ይነቃነቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ወይም ሞተር ያሞቃል

ስንጥቁ የሚጀምረው ወፍራሙ የመያዣ ብረት ከቀጭኑ ገላ ጋር የተበየደበት ጠርዝ ላይ ነው። ገላው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ ወደ ሻንሲው የሚታሰረው ብረት ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በመካከላቸው ሦስት ማዕዘን ድጋፍ ይኑር። ቡሎኖቹ ራሳቸው ላይ 8.8 ወይም 10.9 የተጻፈባቸው ይሁኑ፤ ምንም ቁጥር የሌለው ቡሎን ከእጅ አይግባ። ሻንሲ ላይ መበየድ ሳይሆን ፋብሪካው በሠራቸው ቀዳዳዎች ማሰር ነው ደንቡ። ኤርባግ ላለው መኪና የመያዣ ብረቱ በግጭት ጊዜ እንዲታጠፍ ታስቦ የተሠራ መሆን አለበት፤ ድንጋጤውን በሙሉ የሚያሳልፍ ግትር ብረት የኤርባጉን ሰዓት ያዛባል።

ጣርማበርን ሲወጣ ብቻ የሙቀት መለኪያው ከፍ የሚል ከሆነ፣ ራዲያተሩ ፊት የተደረደሩትን ትልልቅ መብራቶችና የዊንቹን ከበሮ ይመልከቱ፤ ነፋሱን ዘግተዋል። መብራቶቹን ወደ ጎን ያውጡ። የጎማው ትከሻ ፓራውልቱን እንዳይነካ ደግሞ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙረው፣ አንዱን የፊት ጎማ ድንጋይ ላይ አውጥተው ይፈትሹ። ከሥሩ የጭቃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፤ ዋልካ ውስጡ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል፣ ክብደቱም ሞላው ላይ ነው።

መጎተቻውን በተመለከተ ቸል ማለት ሰው ይገድላል። ከፊት ሥር ያለችው ቀጭን ቀለበት መኪና ሲጫን ማሰሪያ ናት፤ መጎተቻ አይደለችም። የተጎታች ኳስም እንዲሁ፤ ሲቆረጥ በገመዱ ጉልበት ተወርውሮ መስታወት በጥሶ ይገባል። መጎተቻው ለብቻው በሁለት ቡሎን ከሻንሲው ጋር የታሰረና የመሸከም አቅሙ የተጻፈበት ይሁን፤ ገመዱ ሲወጠርም ማንም በመስመሩ ላይ አይቁም።