ዓሣና አትክልት በአንድ ትሪ፦ ቀላልና ጤናማ እራት እንዴት ይሠራል?

ዓሣ ቤት ውስጥ መሥራት የሚፈራ ሰው ብዙ ነው። "ይደርቅብኛል"፣ "ይፈረካከስብኛል"፣ "ቤቱን ያሸተዋል" ይላል። እኔ ግን ከሥራ ደክሞት ለሚመጣ ሰው ከዓሣ የተሻለ እራት አላውቅም። ከብዙዎቹ የሥጋ ዓይነቶች ቀድሞ ይደርሳል። የዓሣ ጡንቻ አጫጭር ነው፤ ጡንቻውን የሚያያይዘው ጅማትም ስስ ስለሆነ በትንሽ ሙቀት ይሟሟል። እንዲለሰልስ ብላችሁ ብዙ ማብሰል አያስፈልጋችሁም። እንዲያውም ዓሣ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እሳት ላይ ስለቆየ ነው።

አትክልት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ድንችና ካሮት ኦቨን ውስጥ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈልጋሉ። ዓሣው ግን ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈልግም። ሁለቱን እኩል ብትጥዷቸው ወይ ድንቹ ጥሬ ይሆናል፣ ወይ ዓሣው ይደርቃል። ስለዚህ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ አትክልቱ ይቅደም፣ ዓሣው ይከተል። ሰዓቱን እንዲህ ካሰባችሁት የቀረው ሥራ መክተፍና መጠበቅ ብቻ ነው።

ስትገዙ

ሙሉ ዓሣ የምትገዙ ከሆነ ዓይኑን እዩ። ጥርት ያለና ጎላ ያለ መሆን አለበት። ስንጥቡን ገለጥ አድርጋችሁ ስታዩት ቀይ ይሁን። ሥጋውን በጣት ጫን ስትሉት ወዲያው ወደ ቦታው ይመለስ። ፊሌቶ ከሆነ ደግሞ ጫፉ ያልደረቀና ወደ ቡኒ ያላደላ ምረጡ። ከሁሉም በላይ አፍንጫችሁን እመኑ። ትኩስ ዓሣ የሚሰነፍጥ ሽታ የለውም። ጠንከር ያለ ሽታ ካለው በቅመም ይሸፈናል ብላችሁ አትግዙት።

በበረዶ የቀዘቀዘውን ዓሣ አትናቁት። ብዙው እንደተያዘ ብዙም ሳይቆይ ስለሚቀዘቅዝ ጥራቱን ይጠብቃል። "ትኩስ" ተብሎ ከቀረበው ውስጥም ቀዝቅዞ የቀለጠ አለ። የማሸጊያውን ሁኔታ ግን ልብ በሉ። ውስጡ ብዙ የበረዶ ብናኝ ካለ ወይ በጣም ቆይቷል፣ ወይ ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል።

ለጀማሪ ሳልመን እመርጣለሁ። ቅባት ስላለው አንድ ሁለት ደቂቃ ቢያልፍበት እንኳ ቶሎ አይደርቅም። ሳልመን፣ ማኬሬልና ሰርዲን ኦሜጋ 3 በሚባለው ለልብ ተስማሚ ቅባት የታወቁ ናቸው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በሳምንት ሁለት ጊዜ ዓሣ መብላትን የሚመክረው፣ በተለይም ቅባታማውን የሚያስቀድመው ለዚህ ነው። ቲላፒያን የመሳሰሉ ነጭ ሥጋ ያላቸው ዓሦችም ጥሩ ፕሮቲን ናቸው። ቅባታቸው አነስተኛ ስለሆነ ግን ሰዓት ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

ለአንድ ሰው 150 ግራም ይበቃል። ትኩሱን ዓሣ ከገዛችሁ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሥሩት። እስከዚያው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባልበለጠ ቅዝቃዜ ይቆይ።

ማቅለጥና ማድረቅ

የቀዘቀዘውን ዓሣ ጠረጴዛ ላይ አታቅልጡት። ውስጡ በረዶ ሳለ ውጩ ይሞቅና ባክቴሪያ ይራባበታል። ማታ ከፍሪዘር አውጥታችሁ ወደ ፍሪጅ አዛውሩት፤ በማግሥቱ ይደርሳል። አየሩ ተመጥጦ የታሸገ ከሆነ ፕላስቲኩን ቅደዱት። አየር በሌለበት የሚራባ አደገኛ ባክቴሪያ ስላለ ይህን አትዝለሉት። ከቸኮላችሁ ደግሞ ውኃ በማያስገባ ከረጢት አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሩት። ውኃውን በየግማሽ ሰዓቱ ቀይሩ። ፊሌቶ ከሆነ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። በዚህ መንገድ የቀለጠው ወዲያው መሠራት አለበት።

ከቀለጠ በኋላ በወጥ ቤት ሶፍት ከላይም ከታችም በደንብ አድርቁት። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ላዩ ላይ ውኃ ካለ ሙቀቱ መጀመሪያ ውኃውን በማትነን ይጠፋል። ዓሣው በመጠበስ ፈንታ ይቀቀላል፣ መጥበሻውም ላይ ይጣበቃል።

ሎሚውን ለመጨረሻ አቆዩት። ዓሣ ሎሚ ውስጥ ብዙ ሲቆይ አሲዱ ሥጋውን ነጭና ጠጣር ያደርገዋል። የበሰለ ይመስላል እንጂ ጀርሞቹ አልሞቱም። ሲቀርብ የሚጨመቀው ሎሚ ግን ሁለት ጥቅም አለው። ጣዕሙን ይከፍተዋል፣ የዓሣ ሽታ የምንለውን ነገርም ይቀንሰዋል። ሽታውን የሚያመጣው ትራይሜቲላሚን የተባለ ውህድ ነው፤ አሲድ ሲነካው ብዙም አይተንም።

የትሪው እራት፣ ለ4 ሰው

የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦ 4 ቁራጭ ሳልመን ወይም ነጭ ዓሣ (በድምሩ 600 ግራም)፣ ግማሽ ኪሎ ድንች፣ 2 ካሮት፣ 1 ብሮኮሊ ወይም ግማሽ አበባ ጎመን፣ 1 ቀይ ሽንኩርት፣ ሁለት እፍኝ ትንንሽ ቲማቲም፣ 3 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ 1 ሎሚ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ጥቂት የጥብስ ቅጠል።

1. ኦቨኑን 220 ዲግሪ ላይ ለኩሱና በደንብ ይሙቅ።

2. ድንቹን በ2 ሴንቲ ሜትር መጠን ክተፉ። ካሮቱን ትንሽ ቀጠን አድርጉት፤ ከድንች ይልቅ ይዘገያል። በሁለት ማንኪያ ዘይት፣ በጨውና በጥብስ ቅጠሉ ለውሷቸው። ከዚያ ትሪው ላይ በአንድ ረድፍ ዘርጉ። አትከምሩት። የተከመረ አትክልት በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል፤ ያ የምንወደው ጫፉ ቡናማ ያለ ጥብስ አይገኝም። ትሪው ጠባብ ከሆነ ሁለት ተጠቀሙ። 20 ደቂቃ ይቆይ።

3. ትሪውን አውጥታችሁ አገላብጡ። ብሮኮሊውንና በትልልቁ የተቆረጠውን ሽንኩርት ጨምሩና መልሱት። 5 ደቂቃ።

4. እስከዚያ ዓሣውን አዘጋጁ። የቀረችውን አንድ ማንኪያ ዘይት ከተፈጨው ነጭ ሽንኩርት፣ ከጨውና ከቁንዶ በርበሬው ጋር ቀላቅላችሁ ዓሣውን ቀቡት። የጭራው ክፍል ቀጭን ከሆነ ጫፉን ወደ ታች እጠፉት፤ እኩል ይበስላል።

5. ትሪውን አውጡ፣ አትክልቱን ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ለዓሣው ቦታ ስጡት። ቆዳው ወደ ታች ይሁን። ቲማቲሙን በመካከል በተኑት። ኦቨኑን ወደ 200 ዝቅ አድርጉና መልሱ።

አሁን ሰዓት መያዝ ነው። ዓሣው በጣም በወፈረበት ቦታ 2.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 10 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ግማሹን ያህል ከሆነ 5 ደቂቃ። ይህ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። አንዱ ኦቨን ይፈጥናል፣ ሌላው ይዘገያል። ስለዚህ ከሰዓቱ ሁለት ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ማየት ጀምሩ።

መብሰሉን እንዴት ታውቃላችሁ?

ወፍራሙን ቦታ በሹካ ሰካ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። የበሰለ ዓሣ በንብርብሩ ልቅቅ ይላል። ውስጡም ብርሃን የሚያሳልፍ መሆኑ ቀርቶ ድፍን ያለ ቀለም ይይዛል። ሹካው ላይ ካንገራገረና መሐሉ አሁንም ካብረቀረቀ ሁለት ደቂቃ ይጨመርለት። የምግብ ቴርሞሜትር ያለው ሰው 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያነብ ያወጣል። በእኔ እምነት ዓሣ ለሚወድ ሰው ከዚህች ትንሽ መሣሪያ የተሻለ ግዢ የለም።

ሳልመን ላይ ነጭ ነገር ጓጉሎ ከወጣ አትደንግጡ። ከጡንቻው የወጣ ፕሮቲን ነው፣ ይበላል። ብዛቱ ግን እሳቱ እንደበዛበት ይነግራችኋል።

ከወጣ በኋላ ለ2 ደቂቃ ይረፍ። ሎሚ ጨምቁበትና ከነትሪው ወደ ማዕድ።

ኦቨን ከሌለ

ሰፋ ያለ ድስትና ክዳን በቂ ነው። ሽንኩርት በጥቂት ዘይት አቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርትና አራት የተከተፈ ቲማቲም ጨምሩ። ቲማቲሙ ሲፈርስ በቀጭኑ የተቆረጠ ድንችና ካሮት ግማሽ ብርጭቆ ውኃ አክላችሁ ክደኑ። ድንቹ ሊበስል ጥቂት ሲቀረው ዝኩኒ ወይም ቆስጣ ጨምሩ። ዓሣውን ከላይ አስተኙት፣ እሳቱን ዝቅ አድርጉ፣ ክደኑ። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ በእንፋሎት ይበስላል። አታማስሉት፤ ይፈረካከሳል። ድስቱን በእጀታው ይዛችሁ ወዝወዝ ማድረግ ይበቃል። ይህ አሠራር ቤት ውስጥ ሽታ ለማይወድ ሰውም ተመራጭ ነው፤ የሚረጭ የጋለ ዘይት የለም።

ለተቸኮለ ቀን፦ ሽሪምፕ

ሽሪምፕ ላይ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ይገባና ይወጣል፣ በመጨረሻ ይመለሳል። ለዚህም ምክንያት አለው። ከሽሪምፑ የሚወጣው ጣዕም መጥበሻው ላይ ይቀርና አትክልቱ ይወስደዋል።

400 ግራም የተላጠ ሽሪምፕ ያዙ። ጀርባው ላይ ያለችው ጥቁር መስመር አንጀቱ ናት፤ በቢላ ጫፍ ጫር አድርጋችሁ አውጧት። በሶፍት አድርቁት። መጥበሻውን በደንብ አግሉ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያ ሽሪምፑ። በአንድ ጎን ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ፣ ገልብጡ፣ ሌላ አንድ ደቂቃ። ግራጫው ወደ ሮዝ ሲለወጥና ሥጋው ድፍን ሲል አውጡት። ቅርጹም ይናገራል። ለስለስ ብሎ ከጎበጠ ደርሷል፤ ጫፍና ጫፉ ገጥሞ ክብ ከሠራ ግን አልፎበታል፣ እንደ ላስቲክ ይሆናል።

በዚያው መጥበሻ ፎሶሊያ፣ በቀጭኑ የተቆረጠ ካሮትና ጣፋጭ ቃሪያ ጨምሩ። እሳቱ ከፍ እንዳለ 5 ደቂቃ ያህል አገላብጡ። የተከተፈ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት የሚገባው አሁን ነው፤ ቀድሞ ከገባ ያርና ይመርራል። ሽሪምፑን መልሱ፣ ሎሚ ጨምቁ፣ አውጡ። ቀድሞ የተቀቀለ ሩዝ ካላችሁ እራቱ በ20 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች

ትልልቅ አዳኝ ዓሦች በሥጋቸው ብዙ ሜርኩሪ ያጠራቅማሉ። ሻርክ፣ ሰይፍ ዓሣና ንጉሥ ማኬሬል የሚባለው ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ሕፃናት ይተዉአቸው። ሳልመን፣ ሰርዲን፣ ቲላፒያና ሽሪምፕ አነስተኛ ሜርኩሪ ካላቸው ወገን ስለሆኑ ለእነሱም ይስማማሉ።

እንግዳ ጠርታችሁ ከሆነ አለርጂ እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሽሪምፕና ሌሎች ዛጎል ለበስ እንስሳት የሚያስነሡት አለርጂ ለሕይወት የሚያሰጋበት ጊዜ አለ። ለልጆች ስታቀርቡ ፊሌቶውን በጣታችሁ ዳብሱት፤ አጥንት ከተገኘ በወረንጦ ይነቀላል። ጥሬ ዓሣ የነካው መክተፊያና ቢላ ሳይታጠብ ሰላጣ አይከተፍበትም።

የተረፈውን በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡት። ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። መልሶ ማሞቅ ግን አልመክርም፤ ዓሣው ይደርቃል፣ ሽታውም ይበረታል። ቀዝቃዛውን በሹካ ፈረፈር አድርጋችሁ ከተረፈው ድንች፣ ከሰላጣ ቅጠል፣ ከሎሚና ከጥቂት የወይራ ዘይት ጋር ብትለውሱት የነገ ምሳ ይሆናል።