ስለ ፌሚኒስት ሂስ ስትከራከሩ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ባለፈው ቅዳሜ አምስት ሆነን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ፊልም አየንና በእግራችን ወደ ፒያሳ ወጣን። የቸርችል ዳገት ሳያልቅ ተኳረፍን። አንዷ «ይሄ ፊልም ሴት ላይ ያሾፋል» አለች፣ አንዱ «ደግሞ ጀመራችሁ» አለ፣ በቃ። ማኪያቶው ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስለ ፌሚኒስቶች አወራን፤ ከፊልሙ ግን አንድ ትዕይንት እንኳ ያነሳ የለም። እኔም ጭምር።

እኔ የፌሚኒስት ሂስ፣ ማለትም አንድ ሥራ ሴቶችን እንዴት እንደሚያይና እንደሚያሳይ የሚጠይቅ ሂስ፣ ወዳጅ ነኝ። ግን ደካማው ሲጨበጨብለት ያናድደኛል፣ ጠንካራው ሳይነበብ ሲሰደብም እንደዚያው። ሂስ ሂስ ነው፤ ሥራውን በደንብ አይቶታል ወይስ አላየውም ነው ጥያቄው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከሠራናቸው ስህተቶች ልጀምር (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

አንደኛው ሳያዩ መፍረድ ነው። «የኛ» ትዝ ይላችኋል? በ2013 የተጀመረ፣ በአምስት ሴቶች ዙሪያ የሚሽከረከር፣ ዘፈንም ያለው የሬዲዮ ድራማ። የእንግሊዝ መንግሥት የእርዳታ ገንዘብም ነበረበት። እዚያ አገር ጋዜጣ በታዋቂው የእንግሊዝ ሴት ዘፋኞች ቡድን ስም «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያለ ሲዘምትበት ከርሞ በጃንዋሪ 2017 መንግሥት ገንዘቡን አቆመ። አማርኛ የማይሰማ ሰው ድራማውን እንዴት አድርጎ ሊፈርደው ይችላል? የተከራከሩት ስለ ስሙና ስለ ወጪው ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ያሳምናሉ ወይ፣ ታሪኩ ይይዛል ወይ የሚለውን የጠየቀ ብዙም አልነበረም። እኛስ ብንሆን? «ለሴቶች ስለሆነ ጥሩ ነው» ብለን ያለፍን ስንቶቻችን ነን፣ አንድ ክፍል ሙሉውን ሳንሰማ።

ሁለተኛው የቤክደል ፈተናን እንደ ማትሪክ ማየት። ይሄ ብዙ ሰው ያሳስታል። አሊሰን ቤክደል የምትባል አሜሪካዊት ሠዓሊ በ1985 በካርቱኗ ላይ አወጣችው፤ ሐሳቡ የጓደኛዋ የሊዝ ዋላስ ነው። ፊልሙ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሴቶች ይኑሩ፣ እርስ በርስ ያውሩ፣ ወሬያቸውም ስለ ወንድ ብቻ አይሁን። ቀልድ ነበር፣ እውነት ያለበት ቀልድ። አሁን ግን ሰው ማርክ ይሰጥበታል። እስቲ አስቡት፦ ጀግናው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሚስቱን ሲያዋርድ የሚያስቀን ፊልም ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች ስለ በርበሬ ዋጋ ሠላሳ ሰከንድ ካወሩ፣ ፊልሙ አለፈ። አንዲት ሴት ብቻዋን ልጇን ለማሳደግ ስትታገል የሚያሳይ፣ ሌላ ሴት የማትታይበት ድንቅ ፊልም ደግሞ ወደቀ። ፈተናው የሚጠቅመው በጅምላ ነው። የዓመቱን ፊልሞች ደርድራችሁ አብዛኛው ከወደቀ ስለ ኢንዱስትሪው አንድ ነገር ታውቃላችሁ፤ ስለ አንዱ ፊልም ግን ገና ምንም አላላችሁም።

ቀጥሎ ማሳየትን ከመደገፍ ጋር ማምታታት አለ። ጠለፋ አሳየ ተብሎ ፊልም አይወገዝም። ካሜራው የት ቆሟል? እንግሊዛዊቷ የፊልም ቲዎሪስት ሎራ መልቪ በ1975 ባሳተመችው ጽሑፍ ያለችው በአጭሩ ይሄው ነው፦ የሆሊውድ ካሜራ በወንድ ዓይን ነው የሚያየው፣ እሱ ያያል፣ እሷ ትታያለች። ልጅቷ ስትጎተት ፊቷን ነው የምናየው ወይስ እግሯን? ከኋላ ያለው ሙዚቃ ያስፈራል ወይስ ያስጨፍራል? መጨረሻ ላይ ስታገባው ፊልሙ ምን እንዲሰማን ይፈልጋል? እንዲህ እያለ የሚያሳየኝን ሃያሲ፣ ባልስማማም እንኳ፣ እሰማዋለሁ። «አሳፋሪ ትዕይንት» ብሎ የሚያልፈው ግን ምንም አላሳየኝም።

«ይሄ የፈረንጅ ነው»፣ «ባል አጥታ ነው» የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። የሃያሲዋ ትዳር ከፊልሙ ጋር ምን አገናኘው? ደግሞ ከባዱን ትችት የጻፉት ፌሚኒስቶቹ ራሳቸው ናቸው። ጥቁር አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ቤል ሁክስ በ1992 የፌሚኒስት የፊልም ቲዎሪ «ሴት» ሲል ነጯን ብቻ ነው የሚያየው፣ ጥቁር ሴት ተመልካች የለችበትም ብላ ሞግታለች። መልቪም ራሷ በ1981 ወደ ጽሑፏ ተመልሳ ሴት ተመልካችስ ብላ አስባበታለች።

ሌላው ተመልካችን ጅል ማድረግ። ካና ቴሌቪዥን በ2016 ሲጀምር የቱርክ ድራማ ሴቶቻችንን አበላሸ ያላለ ሰው አልነበረም። አክስቴ አራት ኪሎ ነው ቤቷ፤ አንድም ክፍል አያመልጣትም። አንድ ቀን ቡናዋን እየቆላች፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የበደላትን ሰውዬ ይቅር ስትል «አንቺ ሞኝ! ልብስሽን ሰብስበሽ አትወጪም?» ብላ ቲቪው ላይ ጮኸች።

«እቴቴ፣ እንዲህ ካናደደሽ ለምን ታያታለሽ?»

«ልቆጣት ነዋ!»

ሂስ ማለት ይሄ አይደለም ትሉኛላችሁ? ለእኔ ነው። ተመልካች የሚሰጡትን ሁሉ ይውጣል ብሎ የሚጽፍ ሃያሲ አክስቴ ጋ ቡና ይጠጣ።

የመጨረሻው፣ እኔም ብዙ ጊዜ የምሠራው፣ ስክሪኑን ብቻ ማየት ነው። «ድፍረት» የተባለው የኢትዮጵያ ፊልም በ2014 ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾች ሽልማት ወሰደ። የ14 ዓመት ልጅ ትጠለፋለች፣ ጠላፊዋን ትገድላለች፣ ሴት ጠበቃ ትቆምላታለች፤ ከእውነተኛ ታሪክ የተነሳ ነው። በስክሪኑ ብቻ ከሄድን ሴቶችን ያከበረ ፊልም ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ተመልካች ከተቀመጠ በኋላ ግን በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። ታሪኩ የደረሰባት ሴት ያለ ፈቃዴ ነው የተሠራው የሚል ቅሬታ ነበራት። ፊልሙ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ስለ ሴት ፈቃድ የሚያወራ ፊልም ላይ ሂስ ስንጽፍ ይሄን ካላነሳን ምን ልናነሳ ነው?

ቅዳሜ ዕለት ይሄን ካወራን በኋላ ያየነውን ፊልም ማን ሠራው ብለን ስልካችንን አወጣን። ጸሐፊው ወንድ። ዳይሬክተሩ ወንድ። ፕሮዲውሰሩም፣ ካሜራውም ወንድ። «ደግሞ ጀመራችሁ» ያለው ጓደኛችን ዝርዝሩን እስከ ታች ወርዶ «ሜካፗ ሴት ናት» አለ። ሂሳቡን እሱ ከፈለ።