ከሩቅ የሚታወቅ ሄልሜት፦ የኮሌጅ ፉትቦል ሄልሜት እንዴት ይነደፋል?

በመስከረምና በጥቅምት፣ ቅዳሜ ቀን፣ አሜሪካ ውስጥ ቴሌቪዥን ስትከፍቱ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ሄልሜት ላይ ነው። የተጫዋቹ ፊት ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ተደብቋል። ስሙ የተጻፈው ጀርባው ላይ ነው። ሄልሜቱ ግን ገና ከሩቅ ማንነቱን ይናገራል። ይሄ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ያኛው ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው ትላላችሁ፤ ውጤቱን እንኳ ሳታዩ።

ፉትቦል የምለው የአሜሪካኖቹን ነው፤ ሞላላ ኳስ በእጅ የሚወረወርበትን። ሜሪላንድ ስመጣ የጨዋታው ሕግ ቶሎ አልገባኝም ነበር። የሄልሜቶቹ ሥዕል ግን ወዲያው ልቤን ወሰደው። አሁን ከእህቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን ሄልሜት ስንስል የምናሳልፈው ቅዳሜ ብዙ ነው። እናንተም ለሰፈር ልጆች ቡድን፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለራሳችሁ ደስታ መንደፍ ካማራችሁ፣ እኔ የምሄድበትን መንገድ ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ እምነት አለኝ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከእሱ የመጣ ነው። ጥሩ ንድፍ ሄልሜቱ ላይ የተለጠፈ አይመስልም። ከሄልሜቱ ቅርጽና ከትምህርት ቤቱ ሕይወት የበቀለ ይመስላል።

1. ከወረቀቱ በፊት ሄልሜቱን እወቁት

አንድ ሄልሜት እጃችሁ አስገቡ። እውነተኛው ካልተገኘ ለማስታወሻ የሚሸጡት ትናንሾቹም ይበቃሉ። ዙሪያውን አገላብጡት። ቅርፊቱ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊካርቦኔት። ጎኑ ላይ የጆሮ ቀዳዳ አለ። አናቱ ላይ የአየር ማስገቢያ ክፍተቶች አሉ። ብሎኖቹን፣ የአገጭ ማሰሪያው የሚያያዝበትን ቦታ፣ ከፊት ያለውን ፍርግርግ ሁሉ ልብ በሉ። በአዲሶቹ ሞዴሎች ቅርፊቱ ራሱ የተቆረጠበት ቦታ አለ። ለምሳሌ ሪዴል የተባለው የሄልሜት አምራች በ2014 ያወጣው ስፒድፍሌክስ የሚባል ሞዴል ግንባሩ ላይ የሚተጣጠፍ ክፍል አለው። ድሮ ወጥ የነበረው ግንባር ዛሬ ስንጥቅ አለበት።

ስለዚህ ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ያማረ ሥዕል ሄልሜቱ ላይ ሲወጣ ይጣመማል፣ ወይም ቀዳዳ መሃሉ ላይ ይወድቅበታል። ባዶውን ሄልሜት ሦስት ጊዜ ሳሉት፤ ከጎን፣ ከላይ፣ ከኋላ። እያንዳንዱን ቀዳዳ በቦታው ምልክት አድርጉበት። ሥራችሁ የሚጀምረው ከዚያ ላይ ነው።

ይህን ደረጃ መዝለል እንደማይቻል ያሳመነኝ የሚሺጋን ሄልሜት ላይ ያለው የክንፍ ሥዕል ነው። አሰልጣኙ ፍሪትዝ ክራይስለር በ1938 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ወደ ሚሺጋን መጣ። ሚሺጋኖች ያኔ የሚያደርጉት ተራ ጥቁር ሄልሜት ነበር። የዚያ ዘመን ሄልሜት ከቆዳ ነው የሚሰፋው። አንዳንዱ ሞዴል ግንባሩ ላይ ለማጠናከሪያ የተደረበ ቆዳ ነበረው፤ ቅርጹ የተዘረጋ ክንፍ ይመስላል። ከግንባር ወደ ኋላ የሚሄዱ ሦስት የቆዳ ጭረቶችም ነበሩት። ክራይስለር ከባዶ የፈጠረው ሥዕል የለም። ያለውን ስፌት ተከትሎ የተደረበውን ቆዳ በበቆሎ ቢጫ፣ የቀረውን በጥቁር ሰማያዊ ለየው። ነገሩን ቀደም ብሎ በ1935 ፕሪንስተን ላይ ሞክሮታል።

ምክንያቱ ሁለት ነበር። አንደኛው ሄልሜቱን ማሳመር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኳስ ወርዋሪው በግርግሩ መሃል የራሱን ሰው ከሩቅ በቶሎ እንዲለይ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ከሚሺጋን ስቴት ጋር ነበር፤ ሚሺጋን 14 ለ 0 አሸነፈ። ከዚያ የቆዳው ዘመን አለፈና ፕላስቲክ መጣ። ስፌቱ ጠፋ፤ ክንፉ ግን እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ዴላዌር ዩኒቨርሲቲም ያንኑ ክንፍ ያደርጋል። በክራይስለር ሥር ተጫዋች የነበረው ዴቭ ኔልሰን በ1951 አሰልጣኝ ሆኖ ሲሄድ ይዞት ሄደ። ከሸማው ጋር አብሮ የተሸመነ ጥለትና በኋላ የተሰፋ ጥለት ዓይን ለይቶ ያውቃቸዋል። ክንፉ አብሮ የተሸመነው ዓይነት ነው።

ከኮሌጅ ትንሽ ወጣ ብዬ አንድ ልጨምር። የፕሮፌሽናሉ ቡድን የሎስ አንጀለስ ራምስ ተጫዋች ፍሬድ ጌርኪ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ሥዕል የተማረ ሰው ነበር። በ1948 የቡድኑን ሄልሜቶች አንድ በአንድ በእጁ የበግ ቀንድ ሳለባቸው። ቀንዱ ከግንባር ይነሳና የጆሮውን ቀዳዳ ዞሮ ይጠመዘዛል። ሌላው ሰው እንቅፋት የሚለውን ቀዳዳ እሱ መዞሪያ አደረገው።

2. አንድ ነገር ብቻ ምረጡ

ስለ ትምህርት ቤቱ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ ብትባሉ ምን ትላላችሁ? መልሱ ሦስት ነገር ከሆነ ገና አልጨረሳችሁም። ተቀምጣችሁ ቀንሱ።

ኖተር ዴም ዩኒቨርሲቲ ሄልሜቱ ላይ ምንም ሎጎ የለውም። ወርቅ ቀለም ብቻ ነው። ግን የዋናው ሕንፃቸው ጉልላት በእውነተኛ ወርቅ የተለበጠ ስለሆነ፣ ያ ቀለም ጉልላቱን ራሱን ሜዳ ላይ ያመጣዋል። ለብዙ ዓመታት ተማሪዎች ናቸው ከጨዋታ በፊት ሄልሜቱን የሚቀቡት፤ ቀለሙ ውስጥም የወርቅ ብናኝ ይገባ ነበር። በ2011 አቀባቡ ተቀየረ፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። ባዶ ሄልሜት፣ ግን ማን እንደሆነ የማይጠፋው።

ኦሃዮ ስቴት ሌላ መንገድ ሄደ። በአሰልጣኝ ዉዲ ሄይስ ዘመን፣ በ1968፣ ጥሩ ለተጫወተ ልጅ ባክአይ የሚባለው ዛፍ ቅጠል ያለበት ትንሽ ስቲከር መስጠት ተጀመረ። የውድድር ዘመኑ ሲከፈት ብርማው ሄልሜት ባዶ ነው። ኅዳር ላይ በቅጠል ተሸፍኗል። ሄልሜቱ የልጁን ድካም ይቆጥራል ማለት ነው። አላባማ ደግሞ ጠቆር ባለ ቀይ መደብ ላይ የተጫዋቹን ቁጥርና አናቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ በነጭ ያደርጋል። በቃ። ምንም አልጎደለውም።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልምጣ። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ላይ የምንኖር ሐበሾች የሜሪላንድን ባንዲራ በደንብ እናውቀዋለን፤ መኪና ላይ፣ በር ላይ፣ ካልሲ ላይ ሳይቀር አለ። ግማሹ የካልቨርት ቤተሰብ ጥቁርና ወርቃማ፣ ግማሹ የክሮስላንድ ቤተሰብ ቀይና ነጭ ነው። መስከረም 2011 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከማያሚ ጋር ሲጫወት ልጆቹ ያንን ባንዲራ ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ወጡ። የሄልሜቱ አንዱ ጎን ካልቨርት፣ ሌላው ጎን ክሮስላንድ ነበር። አገር ጉድ አለ። አስቀያሚ ያለው ብዙ ነው።

በእኔ ሚዛን ያ ሄልሜት ቀጥዬ የምነግራችሁን የቀለም ሕግ ሙሉ በሙሉ ጥሷል። አራት ቀለም አለበት። ከሩቅ ሲታይም ይረብሻል። ግን ሌላ ማንም ትምህርት ቤት ሊያደርገው የማይችል ሄልሜት ነው። ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ብትወስዱት ትርጉም የለውም። ስለዚህ እወደዋለሁ፤ የሰፈሬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ንድፋችሁ የሌላ ትምህርት ቤት ስም ቢጻፍበትም የሚሄድ ከሆነ፣ ሐሳቡን ገና አላገኛችሁትም።

3. ቀለም

መጀመሪያ የቅርፊቱን መደብ ወስኑ፤ ከሩቅ የሚታየው እሱ ነው። ከዚያ አንድ ቀለም ጨምሩ። ሦስተኛው ለጠርዝ ብቻ ይሁን። ጥቁር ሰማያዊ በጥቁር ላይ፣ ቀይ በቡኒ ላይ አትሞክሩ፤ በስታዲየም መብራት ሥር አንድ ይሆናሉ።

የሚያብረቀርቅ ወይስ ደብዛዛ? ይህ ከትምህርት ቤቱ ጠባይ ጋር ነው የሚሄደው። ኦሪገን በጥር 2012 ሮዝ ቦውል በሚባለው ታዋቂ ጨዋታ ላይ ዊስኮንሲንን 45 ለ 38 ሲያሸንፍ ያደረገው ሄልሜት እንደ መስታወት ነበር፤ ጎኑ ላይ ክንፍ አለበት። ለኦሪገን ያምርበታል፤ በየሳምንቱ መልክ መቀየር ራሱ መለያቸው ሆኗልና። ያንን አይተው መስታወት ቀለም የቀቡ ሌሎች ብዙዎች ግን ወዲያው ተረሱ። ፔን ስቴት ነጭ ሄልሜት ላይ አንድ ሰማያዊ መስመር ብቻ አድርጎ ስንት ትውልድ ሲጫወት ኖሯል።

4. ግራና ቀኝ

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሄልሜት ሁለት ጎን አለው። የምትስሉት እንስሳ በሁለቱም ጎን ወደ ፊት መመልከት አለበት። ያንኑ ሥዕል ሳትገለብጡ በሁለቱም ጎን ከለጠፋችሁት በአንዱ በኩል ወደ ኋላ የሚሸሽ ይሆናል።

ፊደል የባሰ ነው፤ ሊገለበጥ አይችልም። በቀኝ ጎን ጽሑፉ ከማጅራት ተነስቶ ወደ ግንባር ይሄዳል። በግራ ጎን ደግሞ ከግንባር ወደ ማጅራት። ያዘመመ ጽሑፍ ከሆነ በአንዱ በኩል ወደ ፊት ይሮጣል፣ በሌላው ወደ ኋላ ይጎተታል። ፊደል ካስፈለጋችሁ ቀጥ ያለና አጭር ይሁን። አንድ ፊደል ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ቴክሳስ ይህን ችግር በሚያምር መንገድ አልፎታል። በ1961 በአሰልጣኝ ዳረል ሮያል ጊዜ ነጩ ሄልሜት ላይ የረጅም ቀንዱ በሬ ራስ ወጣ። ከፊት ለፊት የታየ ጥላ ብቻ ነው፤ ዓይን የለው፣ አፍ የለው። ግራውና ቀኙ እኩል ስለሆነ በየትኛውም ጎን ቢለጠፍ ያው ነው። ቀንዶቹ ወደ ጎን ሲዘረጉም የሄልሜቱን ስፋት ይሞሉታል።

መሃል አናት ላይ መስመር ልታደርጉ ካሰባችሁ፣ ከላይ ያለውን ሥዕላችሁን አውጡና የአየር ክፍተቶቹን ተመልከቱ። መስመሩ ክፍተት ላይ ተቆራርጦ ከቀረ፣ ወይ አጥብቡት ወይ ተዉት።

5. ፍርግርጉን አትርሱ

ብዙ ሰው ቅርፊቱን ሲጨነቅበት ከርሞ ፍርግርጉን በመጨረሻ ደቂቃ ይመርጣል። ፎቶ ላይ ግን ፊቱን የሚሞላው እሱ ነው። ከመደቡ ጋር አንድ ዓይነት ካደረጋችሁት ሄልሜቱ አንድ ወጥ ይሆናል። በሁለተኛው ቀለም ካደረጋችሁት ይጮኻል። ግራጫ የድሮውን ዘመን ያስታውሳል፤ ኦሃዮ ስቴት እስካሁን ግራጫ ነው።

6. ከሩቅ ፈትኑት

ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጥፉና ከቤቱ ሌላ ጥግ ሆናችሁ እዩት። ዓይናችሁን ጠበብ አድርጉ። ምን ቀረ? የቀረው ነው ንድፋችሁ፤ ሌላውን አጥፉት። ከዚያ በስልክ ፎቶ አንሱትና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ሥዕሉ ከመደቡ ጋር ከተቀላቀለ ቀለሞቹ ተቀራርበዋል። በመጨረሻም ለማያውቀው ሰው ለሁለት ሰከንድ አሳዩትና ደብቁት። ምን እንዳየ ይሳለው። እኔ የእህቴን ልጅ ነው የምጠይቀው። እሱ መሳል ካልቻለ ተመልሼ እሠራለሁ።

7. ሄልሜቱ ላይ ማውጣት

ይህን በጥንቃቄ አንብቡልኝ። ለመደርደሪያ ከሆነ እንደፈለጋችሁ ቀቡ። ልጅ አድርጎት የሚጫወትበት ከሆነ ግን ከሱቅ የተገዛ ስፕሬይ ቀለም አትንፉበት። ቀለሙ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ፖሊካርቦኔቱን ሊያዳክመው ይችላል፤ ጉዳቱም በዓይን ላይታይ ይችላል። ቲነር፣ አሴቶንና ቤንዚንም እንዲሁ አታስነኩት። ኖክሲ የሚባለው የስፖርት ትጥቅ ደረጃ አውጪ ተቋም በ1973 የመጀመሪያውን የፉትቦል ሄልሜት ደረጃ ያወጣው የልጆች ጭንቅላት ስለተጎዳ ነው። የትኛው ቀለምና ስቲከር እንደሚፈቀድ አምራቹን ጠይቁ። ወይም ቅርፊቱ በምትፈልጉት ቀለም ተሠርቶ እንዲመጣ እዘዙና ሥዕሉን በስቲከር አድርጉት።

ለስቲከር ወፈር ያለ ቪኒል ይሻላል፤ ስስ ከሆነ በመጀመሪያው ግጭት ይላጣል። ሄልሜቱን በለስላሳ ሳሙናና በውሃ እጠቡና ሙሉ በሙሉ አድርቁት። ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ቦታውን ምልክት አድርጉ። ልኬቱን ከጆሮው ቀዳዳ ጀምሩ፤ በሁለቱም ጎን በአንድ ቦታ የሚገኝ ነገር እሱ ነው። ስቲከሩን ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ጠርዝ በአውራ ጣት እያሻችሁ አስተኙት። ክብ ላይ መጨማደዱ አይቀርም፤ ትልቅ ሥዕል ከሆነ አስቀድማችሁ በሁለት ወይም በሦስት ቁራጭ አዘጋጁት።

ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ ስቲከሩ ይቧጨራል፣ የሌላው ቡድን ቀለም ይጋባበታል። በየቡድኑ የትጥቅ ሠራተኞች ከጨዋታ በኋላ ሲያጸዱና ሲቀይሩ ነው የሚያመሹት። ስለዚህ ትርፍ አሳትሙ። ከጆሮው ቀዳዳ ስንት ሴንቲሜትር እንደለካችሁም ሥዕሉ ጀርባ ላይ ጻፉት፤ በጥቅምት የሚለጠፈው አዲሱ ስቲከር የመስከረሙ በነበረበት ቦታ እንዲያርፍ።