የሞተርሆም እጣቢ አልወርድ ሲል፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ሞተርሆም እንደ ቤት የሚኖርበት መኪና ነው፤ የዕቃ ማጠቢያውና የሻወሩ እጣቢ ታንከር ውስጥ ይጠራቀምና ማራገፊያ ቦታ ላይ በቫልቭ ይለቀቃል። መኪናው ወደ ማፍሰሻው በኩል አዘቅዝቆ መቆሙን፣ ቫልቩ እስከ መጨረሻው መከፈቱን፣ እጃችሁ ላይ ጓንት መኖሩን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ካላያችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ምልክት፦ ቫልቩ ተከፍቷል፣ እጣቢው ግን በቀጭኑ ይንጠባጠባል

በካምፕ ማራገፊያ ቦታ በሠራሁባቸው ዓመታት ደጋግሞ የገጠመኝ ይኼኛው ነው። ባለመኪናው ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነው፦ «ቫልቩ ተበላሽቷል።» አብዛኛውን ጊዜ ቫልቩ ደህና ነው። የተዘጋው ከቫልቩ ጀርባ፣ ታንከሩ ከቱቦው ጋር የሚገናኝበት አንገት ላይ ነው፤ የዘጋውም የረጋ ቅባት ነው።

ጤነኛ ታንከር እንዴት እንደሚወርድ አንድ ጊዜ ልብ ብላችሁ እዩ። 100 ሊትር የሚይዝ ታንከር 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ሲለቀቅ ውሃው እየተንደቀደቀ ይወጣል፣ በጥቂት ደቂቃም ያልቃል። ሞልቶ ሲወርድ ቆይቶ መሃል ላይ ድንገት ከቀጠነና እንደገና ገንፍሎ ከመጣ፣ የተላቀቀ ቁራጭ አንገቱ ላይ እየተቀመጠና እየተነሳ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀጭን ከሆነ ግን አንገቱ ራሱ ጠቧል።

ነገሩ የሚጀምረው ከማራገፊያው ሳይሆን ከዕቃ ማጠቢያው ነው። ከመጥበሻ ላይ የታጠበ ቅባት ሙቅ ውሃና ሳሙና አብሮት እስካለ ድረስ ይሄዳል። ታንከሩ ግን ብዙ ጊዜ ከመኪናው ሆድ ሥር ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲመታው የሚውል ዕቃ ነው። እዚያ ሲደርስ ውሃው ይበርዳል፣ ቅባቱ ይረጋል፣ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ፀጉር ይጠመጠምበታል፣ የቡና አተላ ይጣበቅበታል። «እኔ ዘይት ስደፋ የፈላ ውሃ አስከትላለሁ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የፈላው ውሃ ቅባቱን አያጠፋውም፤ እጃችሁ ወደማይደርስበት ቦታ ያሻግረዋል እንጂ። በዚያ ላይ የፕላስቲክ ቱቦውን መገጣጠሚያ ያላላዋል።

አንድ ሰው አዲስ ቫልቭ ገዝቶ፣ የድሮውን ከነቱቦው ቆርጦ ጥሎ፣ አዲሱን ገጥሞ መጣ። እጣቢው እንደ ድሮው ይንጠባጠባል። ውሃው ከታንከሩ መፈተሻ ክዳን በታች እስኪደርስ ጠብቄ ክዳኑን ፈታሁና እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁ። አንገቱ ላይ ቡጢ የሚያክል ነገር ተቀምጧል፤ ላዩ እንደ ሻማ ያዳልጣል፣ ውስጡ ግራጫ ነው፣ ረጅም ፀጉር እንደ ገመድ አስሮታል፣ የሩዝ ፍሬ ተሰግስጎበታል። ሳወጣው የቀረው ውሃ ዥው ብሎ ወረደ። ቆርጦ የጣለው ቫልቭ ምንም አልነበረበትም። አዲሱ ደግሞ መዝጊያው እንደ ካርቶን የሚተጣጠፍ ስስ ፕላስቲክ ስለነበር በሳምንቱ ማንጠባጠብ ጀመረ። እንዲህ ዓይነት ቫልቭ የሚሸጡ ሰዎች አንድ ጊዜ እንኳ መኪና ሥር ተኝተው ቢፈቱት ባልሸጡት ነበር።

መፍትሄ፦ ጊዜ ይፈልጋል፣ ጉልበት ግን አይፈልግም። መጀመሪያ ወረፋውን ልቀቁና ባልዲ ይዛችሁ ጥግ ያዙ። የሚንጠባጠበውን በባልዲ እየተቀበላችሁ ማፍሰሻው ላይ ድፉ። ታንከሩ የመፈተሻ ክዳን ካለው ከላይ እንደተባለው ከፍታችሁ በእጅ አውጡት፤ ከሁሉም ይኼ ይሻላል። ውሃው ሳይጎድል ክዳኑን የሚፈታ ሰው ግን እጣቢውን በሙሉ ደረቱ ላይ ይቀበላል።

ክዳኑ የማይደረስበት ቦታ ከሆነ የማጠቢያ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት) ተጠቀሙ። አንድ ኩባያ ሶዳ በአሥር ሊትር ሙቅ ውሃ አሟሙ፤ ውሃው ትኩስ ይሁን እንጂ የፈላ አይሁን። ቫልቩን ዝጉ፤ በማጠቢያው በኩል ጨምሩና ታንከሩ ሲሶው እስኪሞላ ሙቅ ውሃ አክሉበት። ከዚያ ቫልቩ እንደተዘጋ ንዱ። መንገዱ ራሱ ያጥብላችኋል፤ እያንዳንዱ ፍሬንና ኩርባ ውሃውን ከግድግዳ ግድግዳ ያላጋዋል። የሚቀጥለው ማራገፊያ ላይ ስትከፍቱት ነጭ ፍርፋሪ ከወጣ ተሳክቷል ማለት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ግድ ሊሆን ይችላል። ሶዳ አሉሚኒየም ይበላል፤ ዓይንም ያቃጥላል፤ መነጽር አድርጉ።

አሁን ማድረግ የሌለባችሁ። ሽቦ ወይም ብረት በቫልቩ በኩል አታስገቡ። የሞራውን ቁራጭ ትበሱት ይሆናል፣ ጎሚኒውን (ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘውን የቫልቩን ላስቲክ) ግን በእርግጠኝነት ትቀድዱታላችሁ። የኮምፕሬሰር አየር ወይም ግፊት ያለው ውሃ ከታች ወደ ላይ አትልቀቁ። አንድ ቤተሰብ እንዲህ ሲያደርግ ደርሻለሁ። አባትየው ከታች ጎማውን ቫልቩ ላይ ጥብቅ አድርጎ ይዟል፣ ልጆቹ ውስጥ ተቀምጠዋል። የሻወሩ ወለል በመኪናው ውስጥ ካሉት መውረጃዎች ሁሉ ዝቅ ያለው ስለሆነ እጣቢው መውጫ ያገኘው በዚያ ነበር። ጥቁር ውሃ ከነዝቃጩ ከሻወሩ ፈንድቶ ምንጣፉንና ፍራሹን አለበሰው። ሽታው ከፍራሹ አልለቀቀም፤ ፍራሹን ጣሉት።

በረኪናም አትድፉ። ቅባት አያሟሟም፣ ጎሚኒ ያደርቃል። በረኪናን ከሎምጣጤ ወይም ከማንኛውም አሲድ ጋር መቀላቀል ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ጠባብ መኪና ውስጥ ይኼ ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ በፍጹም እንዳታደርጉት።

እንዳይመለስ፦ መጥበሻና ሳህን ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይጠረግ፣ ወረቀቱ ቆሻሻ ውስጥ ይጣል። የተረፈ ዘይት በጠርሙስ ይጠራቀም። ማጠቢያውና ሻወሩ ላይ ወንፊት አድርጉ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰው የማይሰማኝ ግን ይኼን ነው፦ ቆማችሁ በምትሰነብቱበት ጊዜ ቫልቩን ገርበብ አድርጋችሁ አትተዉት። ውሃው እየተንጠባጠበ ይሄዳል፣ ዝቃጩ ይቀራል፣ ይከመራል። ታንከሩ ተዘግቶ ይጠራቀም፤ ሲሞላ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ ጎርፉ ዝቃጩን ይዞት ይወጣል።

ምልክት፦ ታንከሩ ባዶ ነው፣ መለኪያው ግን «ሙሉ» ይላል

ያው ቅባት ነው፣ የመለኪያውን ጫፎች ሸፍኗቸዋል። የሶዳው እጥበት ያጠራዋል። መለኪያውን አትቀይሩ።

ምልክት፦ ስትነዱ መኪናው ውስጥ ይሸታል

ኩርባ ላይ ሳይፎኑ (ከመውረጃው ሥር ውሃ የሚይዘው ጎባጣ ቱቦ) ውስጥ ያለው ውሃ ይደፋል፣ ሽታውን የሚያግደው ይጠፋል። ከመነሳታችሁ በፊት መውረጃዎቹን በክዳናቸው ድፈኑ፤ ስትደርሱ አንድ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምሩ። ሳይፎኑ ቆማችሁም ድምፅ እያሰማ የሚደርቅ ከሆነ የታንከሩ መተንፈሻ ተዘግቷል።

ምልክት፦ የሽንት ቤቱ ካሴት ሲደፋ ይረጫል

ካሴት ከሽንት ቤቱ ሥር ተነቅሎ የሚወጣው ቆሻሻ መያዣ ነው። የአየር መልቀቂያውን ቁልፍ አልተጫናችሁም። ሙሉ ካሴት 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ መድፊያው አፍ ወደ ታች ሆኖ ቁልፉን በአውራ ጣት ይዛችሁ በዝግታ ድፉት። ካሴት የሚደፋው ለእሱ በተሠራው ጉድጓድ ብቻ ነው። እጣቢ በሚወርድበት ፍርግርግ ላይ የሚደፉትን አይቻለሁ፤ ከኋላቸው የሚመጣው ሰው በዚያ ላይ ነው የሚረግጠው። እርጥብ የመጥረጊያ ወረቀት (ዋይፕ)፣ ማሸጊያው ላይ ምንም ቢጻፍ፣ ካሴት ውስጥ አይገባም። ፎርማልዲሃይድ ያለበት ኬሚካል የካምፑን ሴፕቲክ ታንክ የሚያሠሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ ሌላ ምረጡ።

የመጠጥ ውሃ መቅጃውን ጎማ ካሴቱ አፍ ውስጥ አታስገቡ! ማጠቢያው ቧንቧ ለብቻው አለ። በዓይኔ ያየሁት ነው፦ አንዱ ካሴቱን በዚያ ጎማ አጥቦ ሲሄድ፣ ተከትሎት የመጣው ሰው ጎማውን አንስቶ የልጆቹን መጠጥ ውሃ ሊሞላ ነበር። ሮጬ ነው የያዝኩት።

ሁለት ቋሚ ታንከርና ወፍራም መልቀቂያ ቱቦ ላላችሁ፦ የሽንት ቤቱ ይቅደም፣ እጣቢው ይከተል፤ ቱቦውን ያጥበዋል።

ምልክት፦ እጀታው ይሳባል፣ ምንም አይወርድም

እጀታውን ከመዝጊያው ጋር የሚያገናኘው ካቦ (የብረት ገመድ) ተበጥሷል ወይም ከመዝጊያው ተላቅቋል። ብርድ ከሆነ ግን በረዶ ነው፤ አትታገሉት፣ እስኪሟሟ ጠብቁ።

ምልክት፦ ከተጸዳ በኋላ ቫልቩ ተዘግቶም ያንጠባጥባል

መዝጊያው የሚንሸራተትበት ቦይ ውስጥ የሩዝ ፍሬ ወይም አሸዋ ቀርቷል። ንጹህ ውሃ እየወረደ ሦስት አራት ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ። ካልተወ ፈታችሁ ጎሚኒውን ብቻ ቀይሩ፣ የሲሊኮን ቅባት ቀቡት። ቫዝሊን አትቀቡ፤ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ መዝጊያውን ይዞ አይለቅም።