ቀጭን ኤሌክትሪክ ጊታር ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

"ቀጭን ነው" የሚለው ቃል ብቻውን ለገዢ ብዙም አይጠቅምም። ከውጭ የሚመሳሰሉ ሁለት ጊታሮች መድረክ ላይ ፈጽሞ የተለያየ ጠባይ ሊኖራቸው ይችላል። ስለ ቀለሙና ስለ ስሙ ከማሰብ በፊት ውስጡ ምን አለ፣ አንገቱስ የት ላይ ተጋጠመ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ውስጡን ሳያዩ መግዛት

የጊታር ኩባንያው ጊብሰን በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኢኤስ-335 የተባለ ጊታር ውፍረቱ 4.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በመሃሉ ከአንገቱ ሥር እስከ ጭራው የሚዘልቅ ድፍን የሜፕል ግንድ አለው፤ ክፍት የሆኑት ግራና ቀኙ ብቻ ናቸው። በ1959 የመጣው ኢኤስ-330 እና በ1961 የተከተለው ኤፒፎን ካሲኖ ከፊት ሲታዩ የ335 ወንድሞች ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን ባዶ ነው።

ልዩነቱ የሚወጣው ድምፅ ሲጨመር ነው። የባዶው ጊታር ፊት ከአምፑ (ከድምፅ ማጉያው) በሚወጣው ድምፅ ይንቀጠቀጣል፣ ክሮቹን ያነቃንቃል፣ ፒክአፑ (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔት) ያንን መልሶ ወደ አምፑ ይልከዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ማባሪያ የሌለው ጩኸት ነው። የ335 ግንድ ይህን በእጅጉ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ለቤት፣ ለቀረጻና ለለስላሳ ጃዝ ካሲኖ በጣም ደስ ይላል። ከበሮና ሞኒተር (ለተጫዋቾቹ የሚቀመጥ ስፒከር) በተደረደረበት መድረክ ላይ፣ በተለይ በዲስቶርሽን፣ ማለትም ሆን ተብሎ በሻከረ ድምፅ፣ ለሚጫወት ሰው ግን ግንድ ያለው ይሻላል። ካሲኖን የግድ መድረክ ላይ የሚያወጣ ሰው ከአምፑ ፊት ለፊት አይቁም፤ ፊቱ ላይ ያሉትን የኤፍ ቅርጽ ቀዳዳዎችም በስፖንጅ ቢደፍን ይረዳዋል።

ለማጣራት የስልክ መብራት ይበቃል። በአንዱ የኤፍ ቅርጽ ቀዳዳ ያብሩና ወደ ሌላኛው ይመልከቱ። ብርሃኑ እንደ ልብ ካለፈ ግንድ የለም፤ በእንጨት ግድግዳ ከተጋረደ አለ። ከሩቅ የሚገዙ ከሆነ ሻጩ ይህንኑ በቪዲዮ ቀርጾ ይላክልዎ። ክሮቹ ከጭራው ላይ በተንጠለጠለ ብረት መታሰራቸው ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ጊብሰን ያንን ብረት በ335 ላይም ያደርግ ነበር።

ስምም ያሳስታል። ፌንደር በ1968 ያወጣው ቴሌካስተር ቲንላይን ውፍረቱ ከተራው ቴሌካስተር ጋር አንድ ነው፤ ውስጡ የተቦረቦረው ክብደቱን ለመቀነስ ነው። እቅፍ ውስጥ ሲገባ የሚሳሳ ጊታር የሚፈልግ ሰው እንደ ጊብሰን ኤስጂ ያለውን ይያዝ፤ ድፍን ሆኖ ውፍረቱ 3.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው።

"ኮምፔንሳቶ ነው" ብሎ መተው

በዚህ ምክንያት ጥሩ ጊታር ሲታለፍ ያሳዝናል። ውዱ 335 ራሱ ፊቱም ጀርባውም የሚሠራው ከተደራረበ ስስ እንጨት ነው፤ ይህም ስንጥቅን ይከላከላል። መታየት ያለበት የቀዳዳው ጠርዝ ነው፦ ንብርብሮቹ መላቀቅ ከጀመሩ ይለፉት።

አንገቱ የት እንደተጋጠመ አለመቁጠር

የ335 አንገት ከአካሉ የሚገናኘው 19ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለ የብረት መስመር) አካባቢ ነው። የካሲኖው 16ኛው ላይ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በላይ ሶሎ መጫወት እጅን ይፈትናል። ኤስጂ ላይ እስከ መጨረሻው ፍሬት እጅ በነፃነት ይደርሳል፣ ግን ዋጋ አለው። መጋጠሚያው ትንሽ በመሆኑ አንገቱ ሲገፋ ቅኝቱ ይናጋል፣ አካሉ ቀላል በመሆኑም የአንገቱ ጫፍ ወደ መሬት ያዘነብላል። ማንገቻውን አጥልቀው ሁለቱንም እጅ ይልቀቁ፣ ግን ቢወድቅ ለመያዝ ዝግጁ ይሁኑ። ትንሽ የሚያዘነብል ከሆነ ከውስጥ በኩል ሻካራ የሆነ፣ 6 ወይም 7 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የቆዳ ማንገቻ ይይዘዋል። ክብደቱንም በኪሎ ይጠይቁ፤ 335 ቀጭን ቢሆንም በግንዱ ምክንያት ከ3.5 ኪሎ በላይ መመዘኑ የተለመደ ነው።

ያገለገለ ጊታር ላይ ሁለት ነገር ሳያዩ ገንዘብ አይስጡ። አንደኛው ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ድጋፍ ነው። እስከ ታች ወርዶ፣ አንገቱም ቀጥ ብሎ፣ ወፍራሙ ክር ግን 12ኛው ፍሬት ላይ ከ2.5 ሚሊሜትር በላይ ከፍ ካለ የአንገቱ ማዕዘን ተበላሽቷል። በብሎን የታሰረ አንገት ከሥሩ ስስ ነገር ተደርጎለት ይስተካከላል፤ በሙጫ የተጣበቀው ግን ተነቅሎ እንደገና መተከል አለበት፣ ያ ደግሞ አንዳንዴ ከጊታሩ ዋጋ ይበልጣል። ሁለተኛው የአንገቱ ጫፍ፣ ቁልፎቹ ያሉበት ራስ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ጊብሰንና ኤፒፎን ላይ ራሱ ወደ ኋላ ያጋደለ ነው፣ የትረስ ሮዱ (አንገቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው የውስጥ ብረት) ማስተካከያ ጉድጓድም እዚያው ስለሆነ እንጨቱ ይሳሳል። በጀርባው በኩል በብርሃን ሲያዩት ፀጉር የመሰለ መስመር ካለ ስብራት ሊሆን ይችላል። በደንብ የተጠገነ ስብራት ለመጫወት አያውክም፣ ዋጋው ግን በብዙ መቀነስ አለበት።

የኬብል መሰኪያውን በዳዶው ብቻ ማጥበቅ

ውስጠ ክፍት ጊታር ላይ በብዛት የሚታየው ብልሽት ይህ ነው። ዳዶው ሲላላ ሰው በቁልፍ ያጠብቀዋል፤ መሰኪያው ግን ውስጥ ሆኖ አብሮ ይዞራል፣ ሽቦው ይጠማዘዝና ከብየዳው ይበጠሳል። ድፍን ጊታር ቢሆን ክዳን ተከፍቶ ይጠገን ነበር። እዚህ ግን ሁሉም ነገር በቀዳዳው በኩል ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ የባለሙያው ሰዓት ይበዛል። ዳዶውን ከማዞርዎ በፊት በመሰኪያው ቀዳዳ ቀጭን ካቻቢቴ አስገብተው ወደ ጎን በመጫን እንዳይዞር ይያዙት። ከመግዛትዎ በፊትም ኬብሉን ሰክተው ያወዛውዙ፣ ማዞሪያዎቹን አንድ በአንድ ያዙሩ፣ የፒክአፕ መቀየሪያውን በየቦታው ያድርጉ። የሚንጫጫ ነገር ካለ የጥገናውን ዋጋ ቀንሰው ይደራደሩ።

ሳይለኩ ዕቃ ማዘዝ

የፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር ትሬሞሎ (በእጀታ ቅኝቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ብሪጅ) ከሥሩ ያለው ብረት ከ4 ሴንቲሜትር በላይ ይወርዳል፤ ስስ አካል ላይ ከጀርባው ብቅ ይላል። አካሉን በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ለክተው አጭር ብረት ያለውን ይዘዙ።

የአምፑን ቮልቴጅ መርሳት

ከአሜሪካ ዘመድ ጊታሩን ከነአምፑ ሲልክ ጊታሩ ችግር የለበትም። አምፑ ግን ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ እንደተሰካ ይቃጠላል። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ ቮልቴጁን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ካስፈለገ አቅሙ አምፑ ከሚወስደው ዋት በላይ ይሁን። የግድግዳው ሶኬት መሬት ሽቦ እንዳለውም ያረጋግጡ። ክሮቹን ሲነኩ ከአምፑ የሚሰማው ሁምታ (እም የሚል ድምፅ) ከቀነሰ ጤናማ ነው፤ እጅዎን የሚነዝር ነገር ከተሰማዎት ወዲያው ይንቀሉት።