ለእንግሊዝኛ ጀማሪ ልጆች ፎንት ስትመርጡ

ጅማ ላላችሁ፣ ለልጆች የእንግሊዝኛ መልመጃ በኮምፒውተር ጽፋችሁ ፕሪንት ለምታስወጡ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በታይምስ ኒው ሮማን አትጻፉ። ትንሿን «ኤ» እስቲ እዩዋት፤ አናቷ ላይ ቆብ የመሰለ ቅስት አላት፣ ትንሿ «ጂ» ደግሞ ቁርጥ መነጽር። በእጁ እንደዚህ የሚጽፍ ሰው ብዙም የለም፣ ልጅ ግን ያየውን ነው የሚገለብጠው። እኔም የነቃሁት የእህቴ ልጅ ያቺን መነጽር ለመሳል ላጲስ ሲጨርስ አይቼ ነው።

ኮሚክ ሳንስ ይሻላል። ዲዛይነሮች ይስቁበታል፣ ይሳቁ። «ኤ»ና «ጂ» በእጅ እንደምንጽፋቸው ናቸው፣ ትልቁ «አይ»ና ትንሹ «ኤል»ም አይምታቱም፤ ኤሪያል ላይ ግን ሁለቱም ቀጥ ያለ ዱላ ናቸው። ኢንተርኔት ካላችሁ አንዲካ የሚባለውን በነፃ አውርዱ፣ ማንበብ ለሚጀምሩ ታስቦ የተሠራ ነው። የሠርግ ካርድ የመሰለውን ተያያዥ ጽሑፍ ለጊዜው ተዉት።

አፋን ኦሮሞ በቁቤ የተማረ ልጅ ፊደሎቹን ቀድሞ ያውቃቸዋል፣ የሚያስቸግረው ድምፁ ነው። «ሲ»ን እንደ ጭ፣ «ኤክስ»ን እንደ ጥ ቢያነብባችሁ አትቆጡት፣ በቁቤ ልክ ነው፤ ይልቅ ልዩነቱን ከፊደሉ ጎን ሥዕል አድርጋችሁ አሳዩት።

ደግሞ ኮፒ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጉት። ፎንቱ እነሱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ሌላ ይተካበታል፣ እኔ ይህን ያየሁት 30 ገጽ አስወጥቼ ከከፈልኩ በኋላ ነው።