ከመሪጌታ አጎት ጋር ስለ ዝግመተ ለውጥ እንዴት ይወራል?

ለመስቀል ወደ ቤት ልትሄዱ ነው እንበል። ዩኒቨርሲቲ ገብታችኋል፣ ባዮሎጂ ተምራችኋል፣ ቤተሰቦቻችሁ ደግሞ ጎጃም ውስጥ፣ አባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው ያሉት። ቡናው ሲፈላ አንዱ "እስኪ ያ ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚሉት ነገር እውነት ነው?" ማለቱ አይቀርም። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት አበላሽቼዋለሁ። እናንተ እንዳትደግሙት ነው ይህን የምጽፈው።

አጎቴ መሪጌታ ናቸው። ቅኔ ቤት ያደጉ፣ ባሕረ ሐሳብ በጣታቸው የሚያሰሉ፣ ግን እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ በቆሎና ስንዴ የሚዘሩ ሰው። አንዱ ማሳቸው ገደል አፍ ላይ ስለሆነ፣ በቆሎው እሸት ሲደርስ ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ዝንጀሮ ሲጠብቁ ይውላሉ። ያን ዕለት ማታ ደክሟቸው ገብተው እግራቸውን እየታጠቡ ነበር። እኔ ሆዬ፣ ጥያቄው ሲነሳ ፈጠን ብዬ "አዎ፣ ሰው የመጣው ከዝንጀሮ ነው" አልኩ። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ "እንግዲያውስ ነገ ሂድና ዘመዶችህን ከበቆሎዬ አስወጣልኝ" አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ክርክሩ እዚያው አለቀ፣ እኔም በማግስቱ እውነትም ማማ ላይ ዋልኩ።

"መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ" ይባል የለ? መጀመሪያ ቃሉን አስተካክሉ። "ዝንጀሮ" የምትለዋን ቃል ጭራሽ አታንሷት። አንደኛ ስድብ ነው፣ ያውም ሲዘርፈው በዋለ አውሬ። ሁለተኛ ሳይንሱም እንዲህ አይልም። የሚለው የሰውና የቺምፓንዚ የዘር ሐረግ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ተለያየ ነው። ከዝንጀሮ ጋር ለመገናኘት ደግሞ 25 ሚሊዮን ዓመትና ከዚያም በላይ ወደ ኋላ መሄድ አለብን። ቺምፓንዚ በጎጃም ጫካ ስለሌለ ሰዉ በቅርብ የሚያውቀው ዝንጀሮን፣ ጦጣንና ጉሬዛን ነው። የመማሪያ ቋንቋችንም ሁሉንም "ዝንጀሮ" ብሎ ስለጠቀለለው ግማሹ ጠብ የትርጉም ጠብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይልቅ ቤት መቁጠር ተጠቀሙ። እኛ አገር ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ ሽማግሌዎቹ ከማንም በላይ ያውቁበታል። የአጎትህ ልጅ አያትህ አይደለም፣ አንተም ከእሱ አልተወለድክም። ሁለታችሁም ግን አንድ አያት አላችሁ። ቺምፓንዚም ለእኛ እንደዚያ ነው፣ ቤቱ ሰባት መሆኑ ቀርቶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሆኖ ነው እንጂ። አጎቴ ይህን ሲሰሙ "አይቆጠርማ!" አሉ። ግን አልሳቁም። ለእኔ ይህ ትልቅ ድል ነበር።

ቀጥሎ ከሰው አትጀምሩ። ከስንዴ ጀምሩ። በ2003 ዓ.ም. የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ አገሪቱ ውስጥ በወረርሽኝ የተዛመተበትን ጊዜ ያረሰ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ኩብሳ የሚባለው ዘር ዋጉን ይችላል ተብሎ ነበር በየቦታው የተዘራው፣ ያን ዓመት ግን ቅጠሉ ቢጫ ዱቄት እንደተነሰነሰበት ሆኖ ደረቀ። ምን ተፈጠረ? ዋጉ በነፋስ የሚበተን እጅግ ብዙ ብናኝ ነው። ብናኙ ሲባዛ አንዳንዱ ትንሽ ለየት ብሎ ይወጣል። አብዛኛው ለየት ያለው ከንቱ ነው፣ ይሞታል። አንዱ ግን ኩብሳን ሰብሮ መግባት የሚችል ሆኖ ተገኘ። ሌላው ዋግ በሩ ተዘግቶበት ሲቀር እሱ ብቻውን አገር ምድሩን ኩብሳ አገኘ፣ በላ፣ ተባዛ፣ ልጆቹም እንደሱ ሆኑ። በቃ፣ የተፈጥሮ ምርጫ የሚባለው ይኸው ነው። ማንም ዋጉን አላስተማረውም፣ ዋጉም አላሰበበትም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። አጎቴ ይህን ያለ ምንም ክርክር ነው የተቀበሉት፣ ምክንያቱም እጃቸው ላይ ደርሷል። "ዋግ ግን ዋግ ሆኖ ቀረ እንጂ ስንዴ አልሆነም" አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አትናቁት። መልሱ ጊዜ ነው። ጊዜን ደግሞ በአፍ ከመናገር ማሳየት ይሻላል።

ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ ስትወርዱ ገደሉን እዩት። ከላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፣ ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ከሥሩ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ አለ፣ ከ140 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው። በዚያ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል ይገኛል። ጎጃም ላይ፣ ባሕር በሌለበት! አንድ ልጅ ያመጣውን ቁራጭ ለአጎቴ ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው እያሹ የዛጎሉን መስመር ቆጠሩ። "የኖኅ ውኃ ነው" አሉ። ይህን መልስ ጠብቁት፣ ስትሰሙትም አትሳቁ፣ ዛጎል ከገደል ላይ ላገኘ ሰው ደህና አሳብ ነው። እኔ ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ "አንቱ፣ አንድ ጎርፍ ቢሆን ሁሉንም ደባልቆ ባስቀመጠው። ይኼ ግን እንደ ድርብ እንጀራ ተራ በተራ የተነጠፈ ነው።" መልስ አልሰጡኝም። እኔም አልገፋሁም።

አጥንቱንም አትርሱ፣ የራሳችን መሬት ነው ያወጣው። ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ ተገኘች፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር፣ አንጎሏ ግን ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም ነበር። ኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የእኛው ዓይነት ሰው ደግሞ ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት ይሆነዋል። "98 በመቶ ጂናችን ከቺምፓንዚ ጋር አንድ ነው" የምትለዋን ግን አትምዘዟት። ማንንም ስታሳምን አላየሁም፣ ታናደዳለች እንጂ።

አሁን ወደ ከባዱ። አንዳንድ ልጆች "አይጋጭም፣ ሁሉም አንድ ነው" ብለው ለመገላገል ይሞክራሉ። መሪጌታ ፊት ይህን አትሞክሩ። አጎቴ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ይቆጥራሉ፣ ዛሬ 7500 እና ጥቂት ነው። ሁላችንም ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ነን ይላሉ። የዘር ጥናት ደግሞ የቀደሙት ሰዎች ቁጥር ወደ ሁለት ወርዶ አያውቅም፣ ሺዎች ነበሩ ይላል። እዚህ ይጋጫል። ይጋጫል በሉ፣ ያከብሯችኋል። አንድምታ አለ ብላችሁ "አንዱ የፍጥረት ቀን ሚሊዮን ዓመት ነው" ለማለትም አትቸኩሉ። አንድምታ ትርጓሜ ይደርባል እንጂ ዋናውን ንባብ አያፈርስም፣ ይህን ደግሞ እሳቸው ያውቁታል፣ እናንተ አታውቁትም።

በሌላ በኩል ሳይንሱ ያላለውን አትጨምሩለት። ዝግመተ ለውጥ እግዚአብሔር የለም አይልም፣ የሚለካበት መሣሪያም የለውም። የውርስን ሕግ በአተር ያገኘው ሜንዴል መነኩሴ ነበር። ባዮሎጂ ያለ ዝግመተ ለውጥ ትርጉም አይሰጥም ብሎ በ1973 እ.ኤ.አ. የጻፈው ዶብዣንስኪ ደግሞ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። ይህን ስነግራቸው አጎቴ "የየት አገር?" አሉ። ከዩክሬን፣ ከዚያ አሜሪካ የገባ። "እሺ" አሉ፣ ሌላ አላሉም።

ሰዓቱንም ምረጡ። በጾም ማታ፣ ሰው ርቦት፣ ወይም እንግዳ ሞልቶ ባለበት አይነሳም። ሽማግሌ በሰው ፊት ሊሸነፍ አይፈልግም፣ እናንተም ብትሆኑ አትፈልጉም። ማማ ላይ ጥሩ ነው። ሁለት ሰው ብቻ፣ ሰዓቱ ረጅም፣ ወሬ ሲከብድ ወንጭፍ መወርወር ይቻላል።

ባለፈው መስከረም እዚያው ማማ ላይ ቁጭ ብለን አጎቴ ድንገት "ያቺ ድንቅነሽ የምትሏት ስትሞት ማን ቀበራት?" ብለው ጠየቁኝ። ማንም አልኳቸው፣ ደለል ነው የሸፈናት። ሰው ሰውን ለመቅበሩ ጥሩ ማስረጃ የሚገኘው ከ100 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው፣ እስራኤል ውስጥ ቃፍዜህ በሚባል ዋሻ ቀይ አፈር አብሯቸው የተገኘ ሙታን አሉ። ትንሽ ዝም አሉ።

"ነፍስ ይማር ያላትም የለማ" አሉና ለእሷ አማተቡ።